በደፍ ዘመን የተሰጡ አገሮች

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ተውሶ ይምጣ።

በሁለት ተራሮች ትከሻ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠች፣ በመሐሏ ጥልቅ ሸለቆ የሚያልፍባት አንዲት አገር ነበረች። አንዱን ወገን ወዲህ ማዶ፣ ሌላውን ወዲያ ማዶ ይሉታል። ሕዝቧ ጨዋታ ወዳድ ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ሰላምታው ብቻ ከብቶቹ ውሃ ጠጥተው እስኪመለሱ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚጀመር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በሽታ ገባ። ስሙን የሚያውቅ ስለጠፋ «እፍ» አሉት፤ አንዱ እፍ ሲልበት ሌላው ይወድቅ ነበርና። ብዙ ሰው ተቀበረ። ንጉሡ መከሩ፣ አወጡ፣ አወረዱ፤ በመጨረሻም እንዲህ ብለው አዋጅ አስነገሩ፦

«ማንም ሰው የቤቱን ደፍ አይሻገር!»

ያ ዘመን የደፍ ዘመን ተባለ። የደፍ ሹምም ተሾመለት። ሹም ድንበሩ ይባላሉ። ከዚያ በፊት የቤተ መንግሥቱ ምንጣፍ ጠባቂ ነበሩ፤ ማን በጫማው ረገጠ፣ ማን እግሩን ሳያራግፍ ገባ ሲሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ስለ ደፍ ከእርሳቸው የሚበልጥ አዋቂ በአገሩ አልተገኘም።

ሹም ድንበሩ ሥራቸውን በአመድ ጀመሩ። አመድ በታኞች ማለዳ ማለዳ በየደጃፉ አመድ ይነሰንሳሉ፤ ማታ ደግሞ ተመልሰው የእግር ዱካ ይፈልጋሉ። ሽመል ያዦች ረጅም ሸምበቆ ተሸክመው በሰውና በሰው መካከል ያለውን ርቀት ይለካሉ። ዶሮ ደፍ እንድታልፍ ተፈቀደላት። ውሻም ጌታውን እስካልተከተለ ድረስ ተፈቀደለት። ድመት ግን የት እንደምታድር ስለማይታወቅ ነገሯ ለጉባኤ ተቀጠረ፤ መሰብሰብ ክልክል ስለነበረ ጉባኤው ሳይቀመጥ፣ የድመትም ነገር ሳይወሰን ቀረ። ያስነጠሰ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ እንዲናገር፣ የሚያለቅስ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዲያዞር ታዘዘ።

ከደጅ ወደ ደጅ መነጋገርስ? ተከልክሏል አልተባለም፤ ተፈቅዷልም አልተባለም። ሕዝቡ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ መስሎት ዝም አለ። ያ ወሬኛ አገር የሙት ከተማ መሰለ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የአዋጅ ነጋሪው የይርዳው። በአገሩ ሕግ አዋጅ በየማለዳው ካልታደሰ ይሞታል። ስለዚህ ይርዳው ፀሐይ ስትወጣ ነጋሪቱን በትከሻው አንጠልጥሎ መንደር ለመንደር ይዞራል፤ «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ!» ይላል። ነጋሪነቱ የአባቱ፣ የአያቱም ነው፤ ሌላ ሰው ነጋሪት ቢመታ አዋጁ አዋጅ አይሆንም። ትዳር አልያዘም። «የይርዳው አፍ የቤተ መንግሥት ነው» ይባልለታል። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የሰው ቃል ሲጮህ ስለኖረ፣ የራሱን ነገር መናገር ሲያሻው ያ ተራራ የሚያናውጥ ድምፁ ይሰልላል፤ ሰውም «ምን አልክ?» ይለዋል። ስለዚህ የራሱን ነገር መናገር ትቶታል።

ታዲያ አንድ ማለዳ ይርዳው በአባ ቸሬ ደጅ ሲያልፍ አንድ ነገር አየ።

አባ ቸሬ ሲራራ ነጋዴ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን በቅሎ ጭነው ያልረገጡት አገር የለም ይባላል። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ወዲያ ማዶ ተድራለች። ከደፍ ዘመን ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ስንቅ አዳዮች በየደፉ የሚያስቀምጡት ምግብ በእርሳቸው ደጅ አልተነሳም፤ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ተደራርቦ ጉንዳን ወሮታል። አመዱ ላይ የዶሮ ዱካ እንኳ የለም።

ይርዳው ነጋሪቱን መታ፤ አዋጁን ተናገረ። መስኮቱ አልተከፈተም። እንደገና መታ። ከውስጥ ሳል ተሰማና ጠፋ። በሽታ እንዳልሆነ ገባው፤ የእፍን ሳል ያውቀዋል። ሰውየው መኖር ታክቷቸዋል።

ምን ያድርግ? ደፉን ቢረግጥ አመዱ ይመሰክርበታል። ከአዋጁ ሌላ ቃል ቢናገር ሕጉን መጣሱ ነው። ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ እግሩ እምቢ አለው። በመጨረሻ ነጋሪቱን ለሦስተኛ ጊዜ መታና፣ በአዋጅ ድምፁ፣ አገሩ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አለ፦

«እንቆቅልሽ!»

ለምን ይህ ቃል እንደመጣለት ራሱም አያውቅም። ልጅ ሆኖ ከተጫወተ ወዲህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ይርዳው ነጋሪቱን አንስቶ ሊሄድ ሲል ከውስጥ የሻከረ ድምፅ መጣ፦

«ምን አውቅልህ።»

«ቀን ሲበላ ሲተፋ ይውላል፤ ሲመሽ አፉን ይዘጋል።»

አባ ቸሬ ብዙ አሰቡ። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ተነሥተው ተቀምጠዋል ማለት ነው።

«አላወቅሁትም፤» አሉ።

«እንግዲያው አገር ይስጡኝ!»

በዚያ አገር ወግ እንቆቅልሽ ያቃተው ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ልጆች የሰሙትን የአገር ስም ጠርተው ያልፉታል። አባ ቸሬ ግን አገር የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ እንዲሁ ስም ጠርተው መስጠት አልሆነላቸውም።

«ንብ አምባን ሰጥቼሃለሁ፤» አሉ። መስኮቱም ገርበብ አለ። «አቀበቱ ይከብድሃል፤ ወንዙን ሳትሻገር በቅሎህን አሳርፋት። ገበያው ሐሙስ ነው። ማር ልቅመስ እያልክ ከዳር እስከ ዳር ብትዞር ሳትገዛ ትጠግባለህ። ግን ነጭ ለብሰህ እንዳትገባ! የጠፋው ሙሽራ መጣ ብለው ይድሩሃል። እኔን ሊድሩኝ ነበር።»

ይርዳው ሳቀ። ሳቁ የነጋሪ ሳቅ ነውና ሸለቆው ተቀብሎ መለሰው።

«ንብ አምባ ገብቼ፣ ማር ጠግቤ ወጣሁ፤ መልሱ በር ነው!» አለ።

«እውነትህን ነው ልጄ፤» አሉ አባ ቸሬ። «የኔውስ አፉን ከዘጋ ከርሟል። እስቲ የዛሬውን ምግብ በመምቻህ ገፋ አድርግልኝ።»

የዚያን ቀን አባ ቸሬ በሉ።

ከአባ ቸሬ ቤት ቀጥሎ ያለችው ባንቺአየሁ የምትባል ሴት ናት። አፏ የማይታሰር፣ ሳቂታ፣ ለዚያ ሁሉ ዝምታ ያልተፈጠረች። ይህን ሁሉ በግድግዳው ቀዳዳ ስትሰማ ቆይታ፣ ይርዳው ዞር ሲል በመስኮቷ ብቅ አለች።

«አባባ! ለነጋሪው አገር ሰጥተው ለኔ ለጎረቤትዎ ሊነፍጉኝ ነው? እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልሽ!»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ባንቺአየሁ የወሰደችውን አገር ለቀጣዩ ቤት አወራች፤ ቀጣዩ ለቀጣዩ። በሳምንቱ ወዲህ ማዶ ሁሉ ከሰዓት በኋላ በየመስኮቱ ይጮሃል። ሸለቆው ድምፅ ስለሚያሻግር ወዲያ ማዶም ገባበት። የአባ ቸሬ ልጅ ድምፅ አንድ ቀን ከማዶ «አባዬ፣ እንቆቅልሽ!» ሲል ሽማግሌው መልሱን እያወቁ አላወቅሁም አሉ፤ ልጃቸው ረጅም አገር እንድትወስድ። እስኪመሽ ድረስ አንድ አገር አወሩላት። ገበጣም ተጀመረ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ በየራሳቸው ገበጣ ላይ ጠጠር እየዘሩ «ሦስተኛው ጉድጓድ!» ይባባላሉ። የሚያጭበረብር አልጠፋም፤ የሚሰድበውም አልጠፋም። ደፍ የማያልፈው ሕዝብ ግን ያላየውን አገር ሁሉ አየ። ይርዳውም በየማለዳው አዋጁን ከጨረሰ በኋላ ጆሮውን አቁሞ ይዞራል፤ አንዳንዴ አንድ እንቆቅልሽ ጣል ያደርጋል፤ ድምፁም አልሰለለም።

እፍ ግን አልተኛም። አንድ ማለዳ ይርዳው የሟቾችን ስም ሊናገር ሲቆም የባንቺአየሁ ታላቅ እህት ስም ወጣ። ወዲያ ማዶ የምትኖር፣ እናት ሆና ያሳደገቻት እህቷ ናት። ይርዳው ስሙን በመስኮቷ ፊት ጮኸ፤ ሥራው ነውና። ባንቺአየሁ አዋጁ እንደሚለው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሐዘንተኛን ማጽናናት የተፈቀደው ለአጽናኝ ሹሙ ብቻ ነበር፤ አጽናኝ ሹሙም ከሁሉ ቀድመው ደፋቸውን ዘግተው የተቀመጡ ሰው ናቸው።

የዚያን ቀን በአገሩ እንቆቅልሽ አልተሰማም። ባንቺአየሁ እህል አልቀመሰችም። በማግስቱም አልቀመሰች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባ ቸሬ መስኮታቸውን ከፈቱ።

«ባንቺ፣ ልጄ፤» አሉ። «ዛሬ እንቆቅልሽ የለም። አገር ግን ልስጥሽ።»

እሳቸውም ቀጠሉ፦

«ዋርካ ሥር የሚባል አገር አለ። እኔ የደረስኩበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ አገር ሰው የሞተበት ብቻውን አይጎርስም። ጎረቤቱ ሁሉ ማዕዱን ይዞ ደጁ ይወጣል፤ ሐዘንተኛው እስኪቀምስ ድረስ ቢርበውም ማንም አይቀምስም። የሞቱትም ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ያያሉ ይላሉ። አላየሁም፤ ሲሉ ግን ሰምቻለሁ።»

ይህን ብለው ሌማታቸውን ተሸክመው ወጡና ደፋቸው ላይ፣ ከአመዱ ወዲህ፣ ተቀመጡ። ክዳኑን ከፈቱ፤ አልቆረሱም። ቀጣዩ ቤት አያቸው፤ ወጣ። ቀጣዩም ወጣ። ይርዳው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሲያይ ተራራው ሁሉ በየደፉ ተቀምጧል። ማዶም ሰዎች ጭልጭል ይላሉ፤ ማዕዳቸው ከፊታቸው ነው። ልጆች እንኳ አልጎረሱም። ወጡ ቀዘቀዘ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የባንቺአየሁ በር ተከፈተ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። ሰውን ሁሉ አየች፤ ማዶውን አየች። ከዚያ ደፏ ላይ ተቀምጣ ጥቂት ቆረሰች፣ ቀመሰችም። አገሩም ጎረሰ።

ይህ ነገር ነው ለሹም ድንበሩ የደረሰው።

«ጌታዬ፣ ሰዎች ተሰብስበዋል፤» አላቸው አመድ በታኙ።

«ደፍ አልፈው?»

«ኧረ አላለፉም።»

«ታዲያ የት ተሰበሰቡ?»

«በየቤታቸው፤ ግን ተሰብስበዋል። ደግሞም አገር እየተከፋፈሉ ነው። አንዷ ሴት ብቻዋን ዋርካ ሥርን ወስዳለች።»

ሹም ድንበሩ ተነሥተው ቆሙ። አገር የሚሰጥ ንጉሥ ብቻ ነው! እሳቸው ደፍ ሲጠብቁ አገሩ ከጀርባቸው ተሰጥቶ ሊያልቅ ነው። ወዲያውኑ «ሳይሰበሰቡ መሰብሰብና የንጉሥን አገር ያለ ንጉሥ ማከፋፈል» የሚል ክስ አቆሙ። ችሎቱ በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ተቀመጠ። ሹሙ ከቤታቸው ሰገነት ላይ፣ ተከሳሹ ሕዝብ በየደፉ፣ ይርዳው በመካከል በሚገኘው ድንጋይ ላይ። ሹም አይጮህምና ጥያቄውንም መልሱንም የሚያደርስ ነጋሪው ነው። ከነጋሪው አፍ ያልወጣ ቃል በችሎት እንዳልተሰማ ይቆጠራል።

«ጠይቅ፤» አሉ ሹሙ ዝግ ብለው። «አገሩን ያከፋፈለ ማነው? ያመነ ከደፉ ወጥቶ ሸለቆው ውስጥ ከበሽተኞች ጎጆ ይቀመጣል።»

ይርዳው ነጋሪቱን መታ፤ ቃሉን ጮኸ። ከዚያ አባ ቸሬ በዘንጋቸው ተደግፈው እስከ አመዱ ድረስ መጡ።

«እኔ ነኝ! የሰጠሁ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አትፈልጉ። እኔን አውጡኝ፤ ድሮም መንገደኛ ነኝ።»

«ምን አለ?» አሉ ሹሙ።

ይርዳው መምቻውን አነሳ፤ ግን አልመታም። ይህ ቃል በእርሱ አፍ ካለፈ ሽማግሌው ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ከወረዱም አይመለሱም። አፉ የቤተ መንግሥት ነው።

«ምን አለ እኮ!»

«ጌታዬ፣ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤» አለ ይርዳው። «የመጀመሪያውን እንቆቅልሽ የጠየቅሁ እኔ ነኝ። ሰውየው ሊሞቱ ነበር።»

«ይህ የማን ቃል ነው?»

«የኔ ነው።»

ሹም ድንበሩ ከሰገነቱ ጎንበስ ብለው አዩት። «አንተ የራስህ ቃል አለህ እንዴ?»

«እኔም አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ነጋሪትህን ተቀማ! አፍህ ይዘጋ! ይህም ይታወጅ!»

ሹሙ ይህን ብለው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። ያልታወጀ ቅጣት ቅጣት አይደለም። ቅጣቱን ማን ያውጅ? ይርዳው። ይርዳው ራሱን አውጆ አፉ ቢዘጋስ? የነገው አዋጅ አይታደስም። አዋጁ ካልታደሰ የደፍ ዘመን ይሞታል፤ ደፍ ከሌለ ደግሞ የደፍ ሹም የለም። ሹም ድንበሩ ነገሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ሞከሩት። ወደ ምንጣፋቸው የሚመልሳቸው መንገድ ብቻ ነው ያለው።

ላባቸውን ጠረጉና፣ «ፍርዱን ለውጫለሁ፤» አሉ። «ሰው አይቀጣ። የተሰጡት አገሮች ግን በሙሉ ይመለሱ!»

ይርዳው አወጀ። መመለሱም ተጀመረ። በሥርዓቱ መሠረት መላሹ የሚመልሰውን አገር በዝርዝር መናገር አለበት፤ ከውስጡ ምንም እንዳላስቀረ እንዲታወቅ። አንዷ ጨው ሜዳን ከነነጭ አሸዋው መለሰች። አንዱ ድልድይ ያለበት አገር ሲመልስ ድልድዩን ረስቶ በጎረቤቱ ተጋልጦ ድልድዩንም መለሰ። ሹም ድንበሩ መጀመሪያ በቁጣ ይሰሙ ነበር፤ ኋላ አገጫቸውን በእጃቸው ደገፉ። «ያ ወንዝ ወዴት ነው የሚፈስ?» ብለው አንድ ጊዜ አስጠየቁ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከምንጣፍ ዳር ያላለፉ ሰው ናቸው።

በመጨረሻ ባንቺአየሁ ቀረች።

«ዋርካ ሥርን መልሺ!» ሲል አወጀ ይርዳው።

ባንቺአየሁ ደፏ ላይ ቆማ በቀስታ ተናገረች፤ ጸጥታው ግን ቃሏን እስከ ሰገነቱ አደረሰው።

«እሱን አልመልስም። እህቴ እዚያ ናት።»

ሽመል ያዦች መሬት መሬቱን አዩ። ሹም ድንበሩ አገጫቸውን ከእጃቸው አነሱ። እሳቸውም በበሽታው መጀመሪያ እናታቸውን ቀብረዋል፤ ሹም ስለሆኑ አላለቀሱም።

«ይቅርላት፤» አሉ።

«ይታወጅ፣ ጌታዬ?» አለ ይርዳው መምቻውን አንስቶ።

«አይታወጅ።» ድምፃቸው ወረደ። «እንዲያው በራስህ ቃል ንገራት።»

ይርዳው ነጋሪቱን ከትከሻው አውርዶ ድንጋዩ ላይ አኖረው። ወደ ባንቺአየሁ ደጅ ሽመል እስከሚፈቅደው ድረስ ተጠጋ። «ያንቺ ነው፤ ማንም አይወስደውም፤ እግዜር ያጽናሽ፤» አላት። ሰው ሁሉ ሰማው። «ምን አልክ?» ያለው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ማንም እንቆቅልሽ አልከለከለም። ሹሙ አመድ ማስነስነሳቸውን አልተዉም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሰገነታቸው ላይ ወንበር እንዲወጣላቸው ያዝዛሉ፤ ለቁጥጥር ነው ይላሉ።

ዘመኑ ዘመን ነውና እፍም አለፈ። የሟቾች ስም የማይጠራባቸው ማለዳዎች በረከቱ። አንድ ቀን ይርዳው የመጨረሻውን አዋጅ ይዞ ወጣ፤ «ደፍህን ተሻገር!» አለ። ሕዝቡ ግን በየአመዱ ዳር ቆሞ ተፋጠጠ፤ መጀመሪያ የሚረግጥ ጠፋ። አመዱን የጣሰችው ከሸለቆው ማዶ ስትሮጥ የመጣችው የአባ ቸሬ ልጅ ናት። አባቷን ስታቅፍ ዘንጋቸው ወደቀ፤ ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ አመዱን ጥሶ ወጣ። ሰው በሰው ላይ ተጠመጠመ። ባንቺአየሁ ያገኘችውን ሁሉ እየሳመች እህቷ መቃብር ዘንድ ልትደርስ ሸለቆውን ወረደች፤ ግማሹ መንደር ተከተላት።

ይርዳው መንገዱ ላይ ቆሞ ያያል። የሚጠብቀው ደጅ የለውም። ነጋሪቱን አንጠልጥሎ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሊያዘግም ሲል፣

«አንተ ይርዳው! ወዴት ነው?» አሉ አባ ቸሬ። «ቤት ለእንግዳ!»

ገባ። በዚያ ሁሉ ወራት ያንን ደጅ ሳያይ የዋለበት ቀን አልነበረም፤ ውስጡን ግን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። የበቅሎ ኮርቻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የሽማግሌው ልጅ ውሃ አስታጠበችው፤ ማዕድ ቀረበ። አባ ቸሬ እጃቸውን ዘርግተው ጠቅልለው አጎረሱት። ወጡ በጢሙ ላይ ወረደ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

ይርዳው አፉ ሞልቶ ነበርና ምንም ማለት አልቻለም። እንባው ብቻ መጣ። ፊቱንም ወደ ግድግዳ አላዞረም።